የሙሽራዋ አባት

ልጅ ቶሎ ይረሳል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ወልዶ ያሳደገ ነው፤ ያሳደገው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ይመስለኛል። እኔ አልወለድኩም። የሰው ልጆች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጭቃ ሲያቦኩ ግን ዓመታት አይቻለሁ፤ ልጅ እንደማይረሳ የማውቀው ከዚያ ነው። ልጅ የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ ዝም ይላል። አዋቂውም “ረሳው” ብሎ ይገላገላል።

በደርግ ጊዜ፣ ጠዋት ከቤት ስንወጣ መንገድ ዳር ምን እናይ ይሆን እያልን በምንፈራበት ሰሞን፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት እሠራ ነበር። ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ሁለት ክፍልና በስተጀርባ ማድ ቤት ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢውን ስለሚሞላው፣ ልጆቹ ከበር ሲገቡ ማን ማን እንደሆነ የምለየው በሳላቸው ነበር።

ሥራ ስጀምር አጭር ሥልጠና ሰጥተውኛል። መዝሙር ማዘመር፣ እጅ ማስታጠብና ማሰለፍ ተማርኩ። ልጆቹ ሁልጊዜ ደስተኞች መሆን አለባቸው ተባልኩ። ያለቀሰ ልጅ ቢኖርስ ብዬ ጠየቅሁ። አሠልጣኙ ጥቂት አሰበና “ዘፈን አዘፍኚው” አለኝ። ሰውዬው መጥፎ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ የነገረው ሰው የለም።

ከእኔ ጋር የሚሠሩት የልጆቹን ምግብ የሚያበስሉ ሴት ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ከከተማው ዳር ከገራዶ የመጡ ሙስሊም ናቸው። ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደ ልጆቹ እማማ እላቸዋለሁ። ሁለታችን በነገር ሁሉ አንስማማም ነበር። እኔ ልጅ እንደፈለገ ጭቃ ይንካ እላለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ልብሱን የምታጥበው የሰው ሚስት ናት ይላሉ።

ጭቃው ለእቃቃ ነው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ልጆቹን ወደ ግቢው እለቃቸዋለሁ፤ እነሱም ወዲያው ቤት ይሠራሉ፣ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይጣላሉ። መጀመሪያ ላይ እኔ ዳር ተቀምጬ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ፣ ሌሎቹን በጡጫ የሚመታ አስቸጋሪ፣ ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት አቅፎ ብቻውን ሲያጉረመርም አየሁት። ምን ሆንክ ብዬ ብጠይቀው መልስ እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጭቃው ቤት ደጃፍ ቆሜ “ቤት ለእንግዳ” አልኩ።

“ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ” አለኝ እንደ ትልቅ ሰው።

ገባሁ፤ ማለት ተቀመጥኩ። የጭቃ ወጥ ቀረበልኝ። እንደ እንግዳ ጤናቸውን፣ ከብታቸውን፣ ልጆቻቸውን ጠየቅሁ። “ልጄማ ተናዷል” አለኝ አሻንጉሊቱን እያሳየ።

“ምነው፣ ምን አገኘው?”

“አባቱ ዘምቶበት ነዋ። ሳይነግረው ነው የሄደው።”

የሱ አባት ወደ ሰሜን ዘምቷል። ምስኪን፣ ያን ሁሉ ጡጫ ሲሰነዝር የሰነበተው ይህን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘወትር እንግዳ ሆንኩ። በየጭቃው ቤት እየዞርኩ “ልጅሽ እንዴት ናት?” እላለሁ። ልጆቹም ከፍቷታል፣ ፈርታለች፣ ቀንታለች፣ አያቷ ናፍቃታለች ይሉኛል። ቃሉን የማያውቁት ሲሆን እኔ አቀብላቸዋለሁ። “ሆዱን አሞታል” ያለኝን ልጅ “አሞት ነው ወይስ ሆድ ብሶት?” ብዬ ስጠይቀው ብዙ አሰበና “ሆድ ብሶት” አለኝ፤ ቃሉን በማግኘቱ ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ለሁሉም “ሆድ ብሶኝ ነበር” እያለ ሲዞር ዋለ። “ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል” ይላሉ አባቶች። ለልጅ ብቅል አያስፈልገውም፣ እቃቃ ይበቃዋል።

ለአንዲት ልጅ ግን አልበቃትም።

አምስት ዓመቷ ገደማ ነበር። ቀጭን፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ጸጉሯ ሁልጊዜ በጥንቃቄ የተሠራ። አባቷ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከቤቱ ወሰዱት፤ ጥቂት ቆይቶ ከሌሎች ጋር መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ያዩት ነበሩ። ሬሳው ለቤተሰብ አልተሰጠም። እናቷን ቀበሌ ጠርተው የአናርኪስት ለቅሶ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ ሰው ቤትሽ ተቀምጦ ብናገኝ፣ ከቤትሽ የለቅሶ ድምፅ ቢሰማ አንቺም ትከተይዋለሽ አሏት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። አንድ ጠዋት ልጇን ስታደርስ፣ ሰው ቢያይ ስለ ልጅቷ ልብስ የምናወራ እንዲመስለው የልጇን ኮሌታ እያስተካከለች፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

“እሷስ ታውቃለች?” አልኳት።

“ኮምቦልቻ ለሥራ ሄዷል ብያታለሁ።”

ሰው ሲዋሽ እንኳ ምነው ራቅ ቢያደርገው ብዬ በልቤ ተናደድኩባት። አሥመራ ብትላት፣ አሰብ ብትላት ምን ነበረበት? ኮምቦልቻ እኮ ታች ነው። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። ጠዋት የሄደ ሰው ማታ ብርቱካን ይዞ ይመለሳል። አባቷ ራሱ ይዟት ወርዶ ያውቃል። ከኮምቦልቻ የቀረ ሰው ልጅቷ አይታ አታውቅም። ግን ባሏን የገደሉባትን ሴት ውሸትሽን አሳምሪ አይባልም።

ልጅቷ አታለቅስም ነበር። ይሄ ማጋነን አይደለም። ሌሎቹ ልጆች ለወደቀ ቁራሽ ዳቦ ይጮኻሉ፤ እሷ ግን ድንጋይ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲገሸለጥ እንኳ ብድግ ብላ አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች። ደሙ እግሯ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ ድምፅ የለም። እማማ ሮጠው አቅፈው “አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ” ሲሏት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ከአፏ ላይ ለማንሳት ሞከርኩ። ጥንካሬዋ አስደነገጠኝ።

መብላትም ተወች። ጎርሳ ጉንጯ ውስጥ ታቆየዋለች፤ ሳናያት ሄዳ ትተፋዋለች። እቃቃ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ቤት ለእንግዳ ብዬ ስጠጋት አሻንጉሊቷን በፊቷ ትደፋትና የሷንም አፍ በእጇ ትይዛለች። የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ የአውቶቡስ። ልጆቹ ወንበር ደርድረው ወደ ኮምቦልቻ ሲጓዙ ሹፌር የምትሆነው እሷ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ እንወርዳለን፤ ሁላችንም ወደ ቀኝ፣ ሁላችንም ወደ ግራ እንዘማለን። እንወርዳለን፣ እንወርዳለን፣ አንደርስም። ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ አንድ በአንድ ከአውቶቡሱ ዘለው ወርደው ይሄዳሉ።

“ሹፌር፣ መቼ ነው የምንደርሰው?” አልኳት አንድ ቀን፣ ብቻዬን ከኋላዋ ቀርቼ።

“መንገዱ ተዘግቷል” አለችኝ ሳትዞር።

ያን ቀን እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ አጥሩ ጥግ ወሰድኳት። “ይህቺ ልጅ ማልቀስ አለባት” አልኳት። “አትበላም። እንዲህ ከቀጠለች ትሞትብሻለች።”

“ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ” አለችኝ።

“እሷ ሆድ ውስጥ ነቅዟል እኮ።”

ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። “ግድግዳችን ጭቃ ነው። ከጎኔ ያሉት የሚሰሙትን ሁሉ ሄደው ይናገራሉ። እሷ ካለቀሰች እናቷ ነግራት ነው፣ ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጧል ይባላል። እኔን ከወሰዱኝ ማን ያሳድጋታል? አንቺ ታሳድጊያታለሽ?”

 ልጅቷ ካላለቀሰች ልጅቷን እናጣለን፤ ካለቀሰች እናቷን። ማታ ማታ እማማ ድስት ሲያጥቡ፣ እኔ ስጠርግ፣ ይህንኑ ስናወጣ ስናወርድ ሰነበትን። እማማ “አላህ ያመጣዋል” ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አላህ እስኪያመጣው በረሃብ ታልቅብናለች እላለሁ፤ ይቆጡኛል።

ጥር ገባ። ክፉ ቀንም ቢሆን ሰው ማግባቱን አልተወም። አንድ ጠዋት ጥሩምባ እየነፉ ሙሽራ የጫኑ መኪናዎች በደጃችን አለፉ፤ ልጆቹ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው አዩ። መኪናው ከማለፉ እኛ ግቢ ሰርግ ተጀመረ። ሚዜዎች ተመረጡ። የሙሽራዋ አባትና እናት የሚቀመጡበት ሁለት ወንበር ተደረደረ። ሙሽራ ማን ትሁን ሲባል፣ ከጀርባቸው ተቀምጣ የነበረችው ያቺ ልጅ ተነሳች። ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ነጠላዬን አንስታ ከራሷ እስከ እግሯ ተከናነበች። ማንም አልተከራከራትም፤ ደንግጠው ነው መሰለኝ።

የኛ አገር ሙሽራ እንዴት እንደምትወጣ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የእናትና የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ ይመርቋታል፣ ከዚያ እያለቀሰች ከቤቷ ትወጣለች። ያላለቀሰች ሙሽራማ ትታማለች። ልጅቷ የእናትን ጉልበት ሳመች። አባት ሊሆን ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የመጣውን ልጅ ግን በክንዷ ከለከለችው።

“ተወው፤ መንገድ ላይ ነው” አለች።

ልጆቹም እሺ አሉ፤ እቃቃ ውስጥ መንገድ ላይ መሆን ይቻላል። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ጭብጨባው ቀጠለ። ሙሽራዋም ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ የጨዋታ ልቅሶ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከትንሽ ሰውነት ይወጣል ብዬ የማላስበው ወፍራም ድምፅ ወጣ። ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም፤ እያጨበጨቡ ዞሯት። “ጎበዝ ሙሽራ ናት” አለ ያ ተማቺው ልጅ። እማማ ማማሰያ በእጃቸው እንደያዙ ከማድ ቤቱ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

በራችን ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆመው የአብዮት ጥበቃ አንገቱን አስገባ። “ምንድን ነው፣ የምን ጩኸት ነው?”

“ሰርግ ነው” አሉት ልጆቹ።

ሳቀና ተመለሰ። በዚያች አገር ያለ ፈቃድ የሚለቀስ አንድ ልቅሶ እንደቀረልን የገባኝ ያኔ ነው። የሙሽራን ልቅሶ የሚከለክል መመሪያ መጻፍ ማንንም ትዝ አላለውም።

ያን ቀን ልጅቷ ሁለት ጊዜ በላች። እማማ ማድ ቤት ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን እንደ እብድ ስስቅ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተደሰትኩበት ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ሰርግ አላጣም። ነገሩ ለሌሎቹም ተረፈ። አባቱ የዘመተበት ልጅ እኔም ሙሽራ ልሁን ብሎ አለቀሰ፤ ሌሎቹ ወንድ ሙሽሪት አይሆንም ብለው ሳቁበት። እዚህ ቤት ይሆናል አልኳቸው። ተከናንቦ ልቡ እስኪወልቅ አነባ፤ ከዚያ በኋላ ጡጫው ቀነሰ። እኔም እንደ ሰርግ እንግዳ ተቀምጬ ሙሽራዋ ለምን እንደምታለቅስ እጠይቃለሁ። እናቷ ትናፍቃታለች ይላል አንዱ። የማታውቀው ቤት ስለሆነ ፈርታ ነው ትላለች ሌላዋ። ተናዳ ነው፣ ማን አግቢ አላት ያለችም ነበረች። ያቺ ልጅ ግን ይህን ጥያቄ አንድም ቀን መልሳ አታውቅም። የአባትየው ወንበርም እሷ ሙሽራ በሆነች ቁጥር ባዶ ነው። መንገድ ላይ ነው ትላለች፣ እናልፋለን። እናቷ ልጄ ጉንጯ ሞላ ብላ እጄን ጨብጣ ሄደች። ምን እንዳደረግን አልነገርኳትም። ብታውቅ ትፈራለች ብዬ ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አልፎ አልፎ ይጎበኘን ነበር። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሳቂታ፣ የካኪ ኮቱ ኪስ ከረሜላ የማያጣ ሰው። ልጅ ይወዳል። ይሄን ስናገር የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ፤ ግን እውነት ነው፣ ልጅ ይወዳል። ማን ይታሰር፣ ማን ይለቀቅ፣ ማን ጠዋት መንገድ ዳር ይገኝ የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነበር። አንድ ቀን ሳይነግረን ከአውራጃው የመጣ እንግዳ ይዞ ገባ። መዋዕለ ሕፃናቱን ሊያሳየው ነው። ልጆቹ ሰርግ ላይ ነበሩ። ላሰልፋቸው ስነሳ እንግዳው በእጁ ከለከለኝ።

“ይጫወቱ፣ ጓድ። ደስ ይላሉ።”

ሙሽራዋ እሷ ነበረች። ሊቀ መንበሩ እየሳቀ ሲያይ ቆየና ባዶውን ወንበር አየ። “የሙሽራዋ አባት የት አለ?” አለ።

“መንገድ ላይ ነው” አለው አንዱ ልጅ።

“አይ እንግዲህ፣ ሰርጉማ አባት ከሌለ አይደምቅም። እኔ እሆናለሁ።” ኮቱን ሰብስቦ ያቺ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ደረሰ። እንግዳው ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። 

ልጅቷ የእናትን ጉልበት ሳመች። ወደሱ ዞረችና ቆመች።

“ነይ ልጄ፣ ልመርቅሽ” አላት።

ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። “እርስዎ አይደሉም። የሙሽራዋ አባት ሞቷል።”

“ኮምቦልቻ ነው አላልሽም?” አላት ከሚዜዎቹ አንዱ።

“ሞቷል። ኮምቦልቻ የምለው እማዬ እንዳታለቅስ ነው።”

ያኔ ገባኝ። እናትየዋ ልጄ እንዳታውቅ ስትል ትዋሻለች። ልጅቷ ደግሞ እናቴ ማወቄን እንዳታውቅ ስትል ውሸቱን ተቀብላ፣ አፏን ይዛ፣ ያንን አውቶቡስ ሳታደርስ ስትነዳ ኖራለች። ለካ በዚያ ቤት ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

ሊቀ መንበሩ ተነሳ። “የማን ልጅ ናት?” አለኝ በለሆሳስ።

“የልጅ ነገር ነው ጌታዬ፣ እቃቃ ነው” አሉ እማማ ከኋላዬ። “ልጅ ያቦካው ለራት ይሆናል? ምን ታውቃለች ብለው።”

“ልጅ ቤቷ የሰማችውን ነው የምትናገረው” አለ። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ሊቀ መንበሩ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ለያንዳንዱ ልጅ አደለ፤ ለሷም ሰጣት። ተቀበለችው። ወጡ።

እናቷን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰዷት።

ቀበሌ ሄድኩ። ሴትየዋ ምንም አልነገረቻትም፣ ልጅቷ ራሷ ናት የደረሰችበት፣ ልጅ ሞኝ አይደለም ልላቸው ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አላስገባኝም፤ “አንቺም ጉዳይ አለሽ?” አለኝ። የለኝም አልኩ። ተመለስኩ። ልጅቷን እማማ ቤታቸው ወስደው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አስተኟት። እኛም ኋላቀር የሰርግ ጨዋታ እንዲቀር፣ ልጆቹ መዝሙር ብቻ እንዲያጠኑ ታዘዝን። የጭቃ ዕቃዎቹን አውጥተን ደፋናቸው።

ልጅቷ እጇን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። በዚህ ጊዜ ምን እንደምታስብ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንድ ጊዜ ተናገረች፤ እናቷ ሄደች። ሌላ የሚባል ነገር ምን አለ? አንዳንድ ልጆች እሷን አይተው አፋቸውን መያዝ ጀመሩ። ወረፋ ይዘው አፋቸውን ይዘው ሲቆሙ ሳይ የምገባበት ይጠፋኛል። እናቷ ከቀረች ይህቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን እኔ ነኝ የገደልኳት እንደምትል አውቅ ነበር፤ ማንም ምንም ቢላት። እማማ በየሶላታቸው ዱዓ አደረጉ። እኔም ጾሜ እንኳ የማላውቀው ስለት ተሳልኩ።

እናቷ አልቀረችም። ቆይተው ለቀቋት። ስትለቀቅ ግን ራሷን ላጭተዋት ነበር፤ ሻሿንም ነጥቀው ራሷን ገልጣ በጠራራ ፀሐይ በከተማው መሐል እንድትሄድ አደረጓት። እነሱ ሊያዋርዷት ነው። ለቅማል ነው ብለዋታል፤ ግን እየሳቁ ነበር። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ፣ እዚያ ቀበሌ የተሰበሰቡት ሁሉ የወሎ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ አባቱ ወይም ወንድሙ ሲሞት እናቱ ራሷን ተላጭታ ያያት ነው። ጥቁር ከልክለው፣ ድንኳን ከልክለው፣ ልቅሶ ከልክለው፣ በገዛ ምላጫቸው ሐዘንተኛ አደረጓት። ለማዋረድ የቸኮለ ሰው እናቱን እንኳ ይረሳል።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ መንገድ ላይ መጀመሪያ ያስቆመቻት ከገጠር ለገበያ የመጣች፣ ምንም የማታውቅ ሴት ናት። ዕቃዋን ከጀርባዋ አውርዳ “እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?” አለቻት።

“ባሌ።”

ይህን ቃል በአደባባይ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሴትየዋ “አላህ ሰብሩን ይስጥሽ” ብላት አለፈች። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። የሚያውቋትና እሷን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ የነበሩት ጭምር፣ የተላጨች ሴት ፊታቸው ስትመጣ ማለፊያ አጡ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ባርኔጣ ያደረገ ባርኔጣውን አነሳ፤ ነጠላ የለበሰች ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እንዲህ እየተባለች እኛ ግቢ ደረሰች።

ልጆቹ ለመዝሙር ተሰልፈው ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አያት። ለጋ ልጅ ነው፣ የሆነች እናት ወልዳዋለች። ቆቡን አወለቀ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ ሱቁ ጥላ ሄደ።

ልጅቷ ከሰልፉ ወጣች። ቀስ ብላ መጣች። እናቷ ተንበረከከችላት። ልጅቷ አንዱን እጇን ከአፏ ሳታነሳ በሌላው የእናቷን ራስ ዳበሰች፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ከጆሮዋ እስከ ጆሮዋ። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች።

“ለአባዬ ነው?” አለቻት።

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ለማለት። ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። እኔም እማማም ቆመን ነበር። አሁን ልጅቷ ታለቅሳለች፣ በቃ አሁን ይወጣላታል ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። መንገዱን አየች፤ የጥበቃውን ባዶ ቦታ አየች።

“እማዬ፣ አንቺ አልቅሺ” አለቻት። “እኔ በር እጠብቃለሁ።”

ሄዳ በሩ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያየች። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ በሙሉ ድምፅዋ አለቀሰች። እማማ አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ልጅቷን ልጠራት አስቤ ነበር። ግን አንድ ጊዜም ወደኛ አልዞረችም፤ እናቷም እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም።